አልቆም ያለ የሳንባ አየር ማፍሰስ እና በብሮንኮስኮፒ የሚደረገው የቫልቭ ሕክምና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የደረት ቱቦ የገባለት ሰው አልጋ አጠገብ የተቀመጠ ቤተሰብ ዓይኑ ቱቦው ከሚገባበት የውሃ ጠርሙስ አይነቀልም። «ይሄ አረፋ መቼ ነው የሚቆመው?» የሚለው ጥያቄ በአንደኛው ሳምንት በተስፋ፣ በሁለተኛው በጭንቀት ይጠየቃል። ብሮንኮስኮፒ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ (ብሮንኮስኮፕ) በጉሮሮ አስገብቶ የአየር ቧንቧዎችን ከውስጥ ማየት ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ከሐኪም ጋር በደንብ ለመነጋገር ይረዳሉ፤ የሐኪሙን ምርመራ ግን አይተኩም።

አየሩ ከየት ነው የሚመጣው?

ሳንባና የደረት ግድግዳ እያንዳንዳቸው በስስ ሽፋን ተለብጠው፣ በመካከላቸው ጥቂት ፈሳሽ ብቻ ይዘው ተነካክተው ይኖራሉ። የሳንባው ገጽ ሲቀደድ የተነፈስነው አየር በቀዳዳው ሾልኮ በሽፋኖቹ መካከል ይጠራቀማል፤ ሳንባውም ይሟሽሻል። የደረት ቱቦ የሚገባው ይህን አየር ለማስወጣት ነው። ቱቦው ግን ቀዳዳውን አይደፍንም። ቀዳዳው የሚድነው ሳንባው ተነፍቶ የደረት ግድግዳውን ሲነካና የተቀደደው ቦታ ሲያርፍ ነው።

መነሻው ብዙ ነው፦ የሳንባ ክፍል ተቆርጦ የወጣበት ቀዶ ሕክምና፣ በሲጋራ ወይም በጭስ የተጎዳና ያበጠ ሳንባ፣ ቲቢ፣ ከባድ የሳንባ ምች፣ የመኪና አደጋ፣ በመርፌ የተወሰደ ናሙና፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በመተንፈሻ ማሽን ግፊት የደረሰ ጉዳት።

ከመነሻው ይልቅ ለሕክምናው የሚያስፈልገው ቀዳዳው የት እንዳለ ማወቅ ነው። ቀዳዳው ዳር ላይ፣ ከጥቃቅኖቹ የአየር ከረጢቶች አጠገብ ከሆነ ይህ ጽሑፍ የሚናገርለት ቫልቭ ይሠራል። ቀዳዳው በትልቁ የአየር ቧንቧ ላይ፣ ለምሳሌ በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ በተሰፋው ጫፍ ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ወደ መጨረሻው አካባቢ እንመለስበታለን።

ስንት ቀን ሲሞላው ነው «አልቆም አለ» የሚባለው?

ብዙ የደረት ቀዶ ሐኪሞች ከ5 ቀን በላይ የቀጠለውን ነው እንዲህ የሚሉት። አሜሪካ ውስጥ የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 ስፓይሬሽን የተባለውን ቫልቭ ለዚህ አገልግሎት ሲፈቅድ መነሻ ያደረገው ከቀዶ ሕክምና በኋላ 7ኛው ቀን ላይም ያልቆመውን ነው፤ በሳል ወይም በኃይል ሲተነፍሱ ብቻ የሚታየው አይቆጠርም። በ5ኛው ቀን ላይ ያለማቋረጥ የሚያፈስ ከሆነ፣ ወይም አየሩ ከቆዳ ሥር እየገባና ትንፋሽ እያስቸገረ ከሆነ፣ እስከ 7ኛው ቀን ሳይጠበቅ ሊታሰብ ይችላል።

አረፋውን እኛም ማንበብ እንችላለን?

አዎ፤ ብታነቡትም ጥሩ ነው። ሐኪሙ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ያየዋል፣ እናንተ ግን ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ናችሁ።

ጠርሙሱ ውስጥ ውሃ አለ፣ ከደረት የመጣው ቱቦ ጫፉ ውሃው ውስጥ ገብቷል። አየር ሲወጣ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። የምታስተውሉት መቼ ቡልቅ እንደሚል ነው። ሲያስል ብቻ ከሆነ ፍሳሹ ትንሽ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም በራሱ ይቆማል። ዝም ብሎ አየር ባስወጣ ቁጥር ከሆነ መካከለኛ ነው። ሲያስገባም ሲያስወጣም ያለማቋረጥ የሚፈላ ከሆነ ትልቅ ነው፤ እንዲህ ያለው በመተንፈሻ ማሽን ላይ ባለ ሰው ወይም በትልቅ ቧንቧ ቀዳዳ ላይ ይታያል።

ሌላው የቱቦው ውስጥ የውሃ እንቅስቃሴ ነው። በራሱ የሚተነፍስ ሰው አየር ሲያስገባ ውሃው በቱቦው ውስጥ ከፍ፣ ሲያስወጣ ዝቅ ይላል። መሳቢያ ማሽን ሳይገጠም ይህ እንቅስቃሴ በድንገት ከቆመና ሕመምተኛው ትንፋሽ ካጠረው ቱቦው ታጥፎ ወይም በደም ተደፍኖ ሊሆን ስለሚችል ነርስ ወዲያው ይጠራ። አንሶላ ሥር የታጠፈ ቱቦ የተለመደ ጥፋት ነው፤ መጀመሪያ እሱን እዩ።

በአንዳንድ ሆስፒታሎች ከጠርሙስ ይልቅ ዲጂታል ማሽን አለ። የሚወጣውን አየር በደቂቃ በሚሊ ሊትር ይጽፋል። ቁጥሩ የሰውን ግምት ስለሚያስቀር ከአረፋ ይልቅ እናምነዋለን።

ቱቦውን ለጥቂት ጊዜ ብንዘጋው አይሻልም?

በፍጹም! አረፋ እያወጣ ያለ ቱቦ ከተዘጋ አየሩ መውጫ አጥቶ ሳንባውንና ልብን ይጫናል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሕመምተኛውን ወደ ራጅ ክፍል ስትወስዱም ቱቦው ክፍት ሆኖ፣ ጠርሙሱ ከደረቱ በታች ተይዞ ነው። መቆንጠጥ ካስፈለገ ሐኪሙ ወይም ነርሷ አጠገቡ ቆመው ነው የሚያደርጉት።

ቫልቭ ከመታሰቡ በፊት ምን መጣራት አለበት?

መጀመሪያ፣ አየሩ በእርግጥ ከሳንባው የሚመጣ መሆኑ። ባለሙያው ቱቦውን ደረቱ አጠገብ ለጥቂት ሰከንድ ቆንጥጦ ጠርሙሱን ያያል። አረፋው ከቆመ አየሩ የሚመጣው ከሕመምተኛው በኩል ነው። ካልቆመ ከመገጣጠሚያው ወይም ከጠርሙሱ ክዳን ነው የሚገባው፤ መቆንጠጫውን ወደ ጠርሙሱ እያቀረቡ ቦታውን ማግኘት ይቻላል። ከቱቦው ጎን ካሉት ቀዳዳዎች አንዱ ከደረት ወደ ውጭ ተንሸራትቶ ከሆነም የውጭ አየር ይስባል። ራጅ ላይ በቱቦው ርዝመት የሚታየው ነጭ መስመር በመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ይቋረጣል፤ ያ መቋረጫ ከጎድን አጥንቶቹ ውጭ ከታየ ቱቦው ወጥቷል ማለት ነው። በላላ መገጣጠሚያ ምክንያት ሳንባው ያፈሳል ተብሎ ሰው ለብሮንኮስኮፒ መቅረብ የለበትም።

ሁለተኛ፣ አየሩን ከደረት የሚስበው መሳቢያ ማሽን። ብዙ ጊዜ 20 ሴንቲ ሜትር የውሃ ግፊት ላይ ይደረጋል። ሳንባው ተነፍቶ ከቆየ ግን መሳቢያው ራሱ በቀዳዳው አየር እየሳበ እንዳይድን ሊያደርገው ይችላል። መሳቢያውን አጥፍቶ በውሃው ብቻ መተው አንዳንዱን ፍሳሽ ያስቆማል። ሳንባው መልሶ ከተሟሸሸ ወይም ከቆዳ ሥር አየር ከጨመረ መሳቢያው ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ የደረት ሲቲ ስካን፤ ቱቦው የት እንዳለ፣ የትኛው የሳንባ ክፍል እንደተጎዳ፣ መግል መኖሩንና አለመኖሩን ለማየት። አራተኛው ምግብ ነው። ከስቶ ፕሮቲን ያነሰው ሰው ቁስሉ አይጠግግም፤ ስቴሮይድ የሚወስድም እንዲሁ ይዘገያል። እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮና ምስር ከመድኃኒቱ እኩል ቦታ ይሰጣቸው።

ቫልቩ ምንድን ነው? ቀዳዳውን ይደፍነዋል?

አይደፍነውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጎሚስታ ጎማውን ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ያገኛል፣ እዚያው ላይ ይለጥፋል። የሳንባው ቀዳዳ ግን ከውጭ በኩል ስለሆነ በብሮንኮስኮፕ አይታይም፣ አይደረስበትምም። ስለዚህ የሚዘጋው ወደ ቀዳዳው የሚወስደው መንገድ ነው። ወደዚያ የሳንባ ክፍል የሚሄደው አየር ሲቀንስ ክፍሉ ይኮማተራል፣ የተቀደደው ገጽ ያርፋል፣ ከንፈር ለከንፈር ይገናኛል፣ ይድናል።

ቫልቩ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል፤ አየር ወደ ውስጥ አያስገባም፣ ከውስጥ ያለውን አየርና አክታ ግን ወደ ውጭ ይለቃል። አክታው መውጣቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ቧንቧው ጨርሶ ቢደፈን ከበስተጀርባው ይቆሽሻል። በብዛት የሚታወቁት ሁለት ናቸው። ስፓይሬሽን ትንሽ ጃንጥላ ይመስላል፤ ናይቲኖል ከተባለ ቅርጹን ከሚያስታውስ ብረት የተሠራ አጥንት አለው፣ በላዩ ስስ ፕላስቲክ ተወጥሯል፣ ከታች የቧንቧውን ግድግዳ የሚቆነጥጡ አምስት ጥቃቅን እግሮች አሉት። ዜፊር ደግሞ በናይቲኖል መረብ ውስጥ እንደ ዳክዬ አፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ሲሊኮን ነው። ዜፊር እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ለከባድ ኤምፊዚማ (የአየር ከረጢቶቹ ተጎድተው ላበጠ ሳንባ) ነው፤ አየር ለማስቆም የሚጠቀሙበት ሐኪሞች ከተፈቀደለት ምክንያት ውጭ በራሳቸው ሙያዊ ውሳኔ ነው።

የሚያፈሰው የሳንባ ክፍል እንዴት ይገኛል?

ሕክምናው መሳካቱና አለመሳካቱ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይወሰናል። ቫልቭ መትከል ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፤ ቦታውን መፈለግ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

የቀኝ ሳንባ ሦስት፣ የግራ ሁለት ትልልቅ ክፍሎች አሉት፤ እነሱም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቧንቧ ወዳላቸው ንዑስ ክፍሎች ይከፈላሉ። ሐኪሙ በብሮንኮስኮፑ መተላለፊያ ጫፉ ላይ ፊኛ ያለው ቀጭን ቱቦ ያስገባል። ፊኛውን መጀመሪያ በዋናው ቧንቧ ውስጥ ነፍቶ ይዘጋዋል። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ሥራው ጠርሙሱን ማየት ብቻ ነው። አረፋው ከቆመ ወይም ጉልህ ከቀነሰ ጎኑ ትክክል ነው። ከዚያ ፊኛው ወደ ላይኛው ክፍል ቧንቧ፣ ወደ ታችኛው፣ ከዚያም ወደ ንዑስ ክፍሎቹ አንድ በአንድ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ቦታ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ከፊኛው ጀርባ ያለው አየር እስኪወጣ አረፋው ወዲያው አይቆምምና። ተቻኩሎ «እዚህ አይደለም» ያለ ሐኪም ትክክለኛውን ቦታ አልፎ ይሄዳል።

የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። ሕመምተኛው በማደንዘዣ ትንፋሹ በጣም ካነሰ አረፋው ራሱ ይጠፋል፣ ፊኛው የዘጋው ይመስላል። ፍሳሹ በሳል ጊዜ ብቻ የሚታይ ከሆነም መፈለጊያ የለም፤ ስለዚህ ሥራው ሲጀመር በግልጽ የሚታይ አረፋ መኖር አለበት። ከሁሉ የሚያስቸግረው በክፍሎቹ መካከል ያለው ድንበር ሙሉ ሳይሆን ሲቀር ነው። የላይኛው ክፍል ቢዘጋም አየሩ ከጎረቤቱ በጓሮ በር ይገባል። ያኔ ፊኛው አንዱን ሲዘጋ አረፋው ይቀንሳል እንጂ አይቆምም፣ ሁለትና ሦስት ቦታ ላይ ቫልቭ ማድረግ ግድ ይሆናል።

በዕለቱ ምን ይደረጋል?

ጠጣር ምግብ 6 ሰዓት፣ ውሃ 2 ሰዓት ቀድሞ ይቆማል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ቀናት አስቀድመው ይናገሩ፤ በራስዎ ግን አያቁሙ፣ በተለይ የልብ ስቴንት ካለዎት። ለኒኬል፣ ለታይታኒየም ወይም ለሲሊኮን አለርጂ ካለዎትም መነገር አለበት።

ሥራው በእንቅልፍ መድኃኒት ወይም በሙሉ ማደንዘዣ ይደረጋል። ደረት አይከፈትም፣ ስፌት የለውም። ቦታው በፊኛ ከተገኘ በኋላ የቧንቧው ስፋት ይለካል፤ የስፓይሬሽን ቫልቭ በ5፣ በ6፣ በ7 እና በ9 ሚሊ ሜትር መጠን አለ። የተመረጠው ቫልቭ ታጥፎ ቀጭን ማስገቢያ ውስጥ ይጫናል፣ በብሮንኮስኮፑ መተላለፊያ ይገባል፣ በቧንቧው አፍ ላይ ሲለቀቅ ጃንጥላው ይዘረጋል። ሐኪሙ በካሜራው ጥቂት ትንፋሾችን ቆሞ ያያል፦ ሕመምተኛው አየር ሲያስወጣ የጃንጥላው ጠርዝ ትንሽ ይሸበሸባል፣ ከዳሩ አረፋና አክታ ይወጣል፤ ሲያስገባ ጠርዙ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ጠርዙ በአንድ ጎን ካልተጋጠመ ቫልቩ ወይ ትንሽ ነው ወይ ጠምሟል፣ ያኔውኑ ወጥቶ ይቀየራል። ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ቫልቭ ያስፈልጋል። ጠቅላላው ሥራ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት፣ ፍለጋው ካስቸገረ ከዚያም በላይ ይወስዳል።

አረፋው ወዲያው ይቆማል?

አንዳንዱ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይቆማል። ብዙው ግን ይቀንስና በቀናት ውስጥ ይደርቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ የ40 ሕመምተኞች ዘገባ ውስጥ 19ኙ ሙሉ በሙሉ ቆሞላቸዋል፣ 18ቱ ቀንሶላቸዋል። ሌላ ሕክምና ሞክረው ያልተሳካላቸው ሰዎች ስለነበሩ ውጤቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ያህሉ ሙሉ በሙሉ አልቆመላቸውምና ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። የቀነሰ ፍሳሽም ጥቅም አለው፦ መሳቢያ የማይለቀውን ሰው ከመሳቢያ ያላቅቃል፣ በደረት ቱቦው ጫፍ ላይ በሚገጠም ሌላ ባለ አንድ አቅጣጫ ቫልቭና በትንሽ ከረጢት ቤቱ እንዲገባ ያደርገዋል።

ምን ሊበላሽ ይችላል?

በጣም የሚያሳስበን ኢንፌክሽን ነው። አክታው ወፍራም ከሆነ ወይም ቫልቩ ከመግባቱ በፊት የተደበቀ መግል ከነበረ ከቫልቩ ጀርባ ምች ይነሳል፤ 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት፣ ቀለሙ የተለወጠ አክታ፣ አዲስ የጎን ውጋት ምልክቶቹ ናቸው። በአንቲባዮቲክ ካልተሻለው ቫልቩ ይወጣል።

ኦክስጅን ሊቀንስ ይችላል። የተዘጋው ክፍል ለጊዜው አይሠራም፣ ደሙ ግን አሁንም በዚያ ያልፋል። ሳንባው ቀድሞውኑ የተጎዳ ሰው ይህን መሸከም መቻሉና አለመቻሉ አስቀድሞ ይመዘናል።

ቫልቩ ከቦታው ሊንሸራተት ወይም በሳል ሊወጣ ይችላል፤ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የመጠን ስህተት ነው። በሳል ከወጣ አትጣሉት፣ በንጹሕ ዕቃ አድርጋችሁ ለሐኪሙ ውሰዱት፤ መጠኑንና መሰበር አለመሰበሩን ያያል። ትንሽ ደም የተቀላቀለ አክታ ለአንድ ሁለት ቀን የተለመደ ነው፤ ንጹሕ ደም በማንኪያ የሚለካ ከሆነ ግን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

ከቆዳ ሥር የሚገባ አየርም አለ። ደረቱን ወይም አንገቱን ስትጫኑት እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። በራሱ አብዛኛውን ጊዜ አይገድልም፤ ግን ቱቦው አየሩን በበቂ አለማውጣቱን ይነግራል። ድምፅ ከተለወጠ ወይም ዓይን እስኪከደን ፊት ካበጠ ጊዜ አይሰጥም።

ቱቦው መቼ ይወጣል? ቫልቩስ?

አረፋው ቆሞ፣ ያለ መሳቢያ አንድ ቀን ቆይቶ፣ ራጅ ላይ ሳንባው እንደተነፋ ከታየ ቱቦው ይወጣል። ዲጂታል ማሽን ባለበት ብዙ ሐኪሞች በደቂቃ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሆኖ ከ6 እስከ 8 ሰዓት መቆየቱን ይጠብቃሉ።

ቫልቩ ግን ለጊዜው የተቀመጠ እንግዳ ነው። ለአየር ማፍሰስ ሲሆን ከ6 ሳምንት በላይ እንዲቆይ አይፈለግም። በሁለተኛ ብሮንኮስኮፒ መሃሉ ላይ ያለው ትንሽ ዘንግ በመቆንጠጫ ተይዞ ይወጣል። ሲቆይ በዙሪያው ሥጋ ስለሚበቅል ማውጣቱ ይከብዳል፣ ይደማል። የሚያሳዝነው ነገር ትንፋሹ ከተመለሰለት በኋላ ብዙ ሰው ቀጠሮውን ይተዋል። «ድኛለሁ፣ ለምን ድጋሚ ቱቦ በጉሮሮዬ ይግባ?» ማለት የሚገባ ስሜት ነው፤ ቢሆንም መመለስ ግድ ነው።

ቲቢ ላለበት ሰው ይሆናል?

ሊሆን ይችላል፣ በጥንቃቄ። መጀመሪያ አክታው ይመረመራል፤ የቲቢ መድኃኒት ተጀምሮ ሳይሠራ ቫልቭ ማስገባት ኢንፌክሽኑን መቆለፍ ይሆናል። ብሮንኮስኮፒው ራሱ ስለሚያስስል ሐኪሞቹ ልዩ ጭምብል ማድረግ፣ ክፍሉም አየር የሚቀየርበት መሆን አለበት። የቲቢው መድኃኒት በቫልቩ ምክንያት አንድ ቀንም አይቋረጥም።

የቆየ ቲቢ ሌላ እንቅፋትም ያመጣል። የሳንባው ሽፋን ወፍሮ እንደ ቆዳ ሲደርቅ ሳንባው መነፋት አይችልም። ቫልቩ አየሩን ቢያቆምም ባዶው ቦታ ይቀራል፣ ይቆሽሻል። ለእንዲህ ያለው ሰው ቫልቭ ብቻውን በቂ አይደለም፤ የደረት ቀዶ ሐኪም ገና ከጅምሩ አብሮ ማየት አለበት።

ቫልቩ በሌለበት ሆስፒታል ምን ይደረጋል?

ብዙ ነገር ይደረጋል! በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሳንባ ስፔሻሊስቶች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2013 ከተጀመረ ወዲህ ብሮንኮስኮፒ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች አሉ፤ ቫልቩ ባይኖርም ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የማይፈልግ አንድ ዘዴ በእጃቸው ነው፦ የሕመምተኛውን የራሱን ደም በደረት ቱቦው መልሶ ማስገባት።

ከክንዱ የደም ሥር በኪሎ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር ደም ይቀዳል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ሳይረጋ ወዲያው በቱቦው ይገባል፣ ቱቦው ውስጥ የቀረውም በጥቂት ጨዋማ ውሃ ይታጠባል። ቱቦው አይቆነጠጥም። ከአልጋው 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በማንጠልጠያ ላይ ይታጠፍና ለ2 ሰዓት ገደማ ይቆያል፤ እንዲህ ሲሆን ደሙ ውስጥ ይቀራል፣ አየሩ ግን መውጣቱን አያቋርጥም። ሕመምተኛው በየተወሰነው ጊዜ ጎኑን ይለውጣል። የረጋው ደም ቀዳዳው ላይ እንደ መለጠፊያ ይቀመጣል፣ ሽፋኑንም ያጣብቃል። ሁለት አደጋ አለው፦ ቱቦው በረጋ ደም መደፈንና ኢንፌክሽን። ስለዚህ ቀጭን ቱቦ ባለው ሰው ላይ ሲደረግ ክትትሉ ይጠብቃል፣ መግል ባለበት ደረት ደግሞ አይደረግም።

ታልክ የተባለው ዱቄት ሽፋኖቹን አቁስሎ ያጣብቃል፤ ሳንባው ተነፍቶ ግድግዳውን ካልነካ ግን የሚያጣብቀው ነገር የለም። ጃፓን ውስጥ ደግሞ አየርም አክታም የማያሳልፍ የሲሊኮን ውታፍ በቧንቧው ይሰካል። ቀዶ ሕክምናን የሚቋቋም አካል ላለው ሰው፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ የሚደረገው ጥገና አሁንም ብርቱ አማራጭ ነው፤ ጤነኛ ወጣትን ለሳምንታት ከቱቦ ጋር ማቆየት ትክክል አይመስለንም።

ቀዳዳው በትልቁ ቧንቧ ላይ ከሆነስ?

ይህ ድንገተኛ ሊሆን ይችላል። ሳንባው ከወጣለት ሰው በድንገት ብዙ ቀጭን፣ ሮዝ መሰል ፈሳሽ በሳል ከመጣ፣ የተሰፋው ጫፍ ተከፍቶ ሊሆን ስለሚችል ሕመምተኛውን ቀዶ ሕክምና በተደረገበት ጎን አስተኙትና እርዳታ ጥሩ። በጤናው ጎን ከተኛ ፈሳሹ ወደቀረው ብቸኛ ሳንባ ይፈስሳል። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ቀዳዳ በብሮንኮስኮፒ በሚረጭ ሙጫ ሊዘጋ ይችላል፤ ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነው ግን ሙጫ አይዘው፣ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል።

በአውሮፕላን መሄድ ይቻላል?

ቱቦው ወጥቶ፣ ሳንባው ሙሉ በሙሉ መነፋቱ በራጅ ከተረጋገጠ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን መጠበቅ ይመከራል፤ አንዳንድ አየር መንገዶች ከዚህ በላይ ይጠይቃሉ። ደረት ውስጥ የታጠረ አየር ይዞ ያለ ቱቦ መብረር ክልክል ነው።

ምክንያቱ የካቢኑ ግፊት ነው። አውሮፕላኑ ሲበር ውስጡ እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ቦታ ይሆናል። ከዱባይ ወይም ከጅቡቲ፣ ከባሕር ወለል የተነሣ ሰው ደረት ውስጥ የታጠረ አየር በሲሶ ገደማ ያብጣል። አዲስ አበባ ግን ራሷ በዚያው ከፍታ ላይ ስለሆነች ከአዲስ አበባ ሲነሡ ለውጡ ትንሽ ነው። የሚዘነጋው የመልስ ጉዞው ነው፦ ባንኮክ ወይም ሙምባይ ታክሞ የሚመለስ ሰው አየሩ የሚያብጠው ያኔ ነው፤ አዲስ አበባ ሲያርፍም ኦክስጅኑ ካለበት ከተማ ያነሰ ነው። የመልሱን ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ሐኪሙ የከተማችሁን ከፍታ እንዲያውቅ አድርጉ።

ከቱቦ ጋር የግድ መጓዝ ካለ የውሃው ጠርሙስ በአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ይቀየራል፣ ባለሙያም አብሮ ይሄዳል። የዚያ ቫልቭ ላይ ያለው ቀስት ከደረት ወደ ውጭ ማመልከት አለበት። ተገልብጦ ከተገጠመ እንደተዘጋ ቱቦ ነው፤ አደጋውም ያው ነው።

ወደ ሌላ ሆስፒታል ስንሄድ ምን ይዘን እንሂድ?

ሲቲ ስካኑን በሲዲ፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ራጅ፣ የአክታ ምርመራውን ውጤት፣ አረፋው በየቀኑ ምን ይመስል እንደነበር የጻፋችሁትን። ስልክ ላይ የተቀረጸ የጠርሙሱ የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ለሐኪሙ ከረጅም ማብራሪያ ይበልጣል፤ ሲቀረጽ ሕመምተኛው መጀመሪያ በዝግታ ይተንፍስ፣ ከዚያ ይሳል። አሜሪካ ያላችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፣ የማደንዘዣ ስምምነትን ልጅ እንዲተረጉም አይደረግም።

ቫልቭ የገባለት ሰው ደግሞ ካርዱን ከቦርሳው አይለይ። የቫልቩ ስም፣ ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው የሳንባ ክፍል እንዳለና የገባበት ቀን ይጻፍበት። ኤምአርአይ ሊነሳ ሲል ካርዱን ቀድሞ ያሳያል፤ 6 ሳምንቱም የሚቆጠረው እዚያ ላይ ከተጻፈው ቀን ነው።